አሥራ ሁለቱ አንካሶች

ከደብረ ማርቆስ፣ ጥቅምት ፲፬ ቀን ፲፱፻፴፪ ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ መሪጌታ ወልደ ሰንበት፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከናፍቆትዎና ትናንት የደረሰኝ ደብዳቤዎ ካመጣብኝ ንዴት በቀር፣ ለእግዚአብሔር ምስጋና ይግባውና፣ ደህና ነኝ። «እርስዎ» ማለቴ አይግረምዎ። በአንድ ጎጆ አድረን፣ በአንድ አኩፋዳ ቁራሽ ለምነን፣ አንድ ውሻ ሁለታችንንም ነክሶን፣ ሃያ ዓመት ሙሉ «አንተ» ተባብለናል። አሁን ግን የደብር መሪጌታ ሆነው ከትልቅ ወንበር ላይ ስለ ጻፉልኝ፣ እኔም ከበርጩማዬ ሆኜ ወንበሩን አከብራለሁ። የእኅቴ ልጅ አንሙት ቅኔ ማኅሌታችሁ ውስጥ ከሰው እኩል የቆመ ዕለት ተመልሰው «አንተ» ይሆናሉ።

ስለ እግሩ አስቀድሜ ለምን እንዳልነገርሁዎ ጠይቀዋል። ስለ አፍንጫውም አልነገርሁዎም። ልጁን የላክሁት አቋቋም ሊማር እንጂ ከበሬ ጋር ሊጠመድ አይደለም። በአራት ዓመቱ ትኩሳት ይዞት ግራ እግሩ ሰለለ፤ ከዚያ ወዲህ ዘጠኝ ዓመት በዚያችው እግሩ ቤተ ክርስቲያን ሲሳለም ኖሯል፤ ታቦቱ ቅር እንዳለው አልሰማሁም። ውዳሴ ማርያሙንና ጾመ ድጓውን ከእኔው ዘልቋል። ድምፁን ሰምተውታል፤ ስለ ድምፁ አንዲት ቃል አለመጻፍዎ ራሱ ምስክር ነው። ክፉ ቢሆን ኖሮ ይጽፉልኝ ነበር።

የጉባኤውን ምክንያቶች አነበብሁ። ተማሪ ቁራሽ ለምኖ አዳሪ ነውና፣ ውሻ ሲያባርረው መሮጥ የማይችል ልጅ አይሆንም ተብሏል። አለቃ እንዳላማው በዚያ እግዚአብሔር በሰጣቸው ሆድ ውሻ ሲቀድሙ አይቼ አላውቅም፤ ግን አለቃ ናቸው። ደግሞ አንካሳ ወደ መሠዊያው አይቅረብ የሚለው ኦሪት ተጠቅሷል። ልጁ ክህነት መቼ ጠየቀ? መቅደስ ልግባ መቼ አለ? የጠየቀው ደብተራዎች የሚቆሙባትን አንዲት ክንድ መሬት ነው። የመጨረሻው ግን ከሁሉም ይበልጣል፤ በምርኩዝ ተደግፎ መቆም ለማኅሌቱ ነውር ነው ተባለ። መሪጌታ፣ ይህን ሲጽፉ እጅዎ አልሳቀም? አለቃን ጨምሮ አሥራ ሁለቱ ደብተራዎቻችሁ በየበዓሉ መቋሚያ ብብታቸው ሥር ሸጉጠው፣ እንደ ሌሊት ወፍ ተንጠልጥለው አይደለም እንዴ ማኅሌቱን የሚያደርሱት? ጤነኛ ሲደገፍ ሥርዓት፣ አንካሳ ሲደገፍ ነውር። ይህን ትርጓሜ ያወጣውን ሊቅ ስሙን ቢልኩልኝ በጸሎት አስበዋለሁ።

ስለ አባቱ ስለ አለበል ጠይቀዋል። ማር ቆረጣ ወደ ዓባይ በረሃ ወርዷል። ዘንድሮ ማሩ ብዙ ነው፤ ቶሎ አይመለስም። ደብዳቤ በሰው እጅ የሚሄድ ነውና ስለ ማር ይህ ይበቃል። ከመውረዱ በፊት ያችን የወይራ ምርኩዝ ቆርጦ፣ በእሳት አቃንቶ ለልጁ ሰጥቶታል። እሷን አደራ።

ያልተቀየመ ለመምሰል የሚጥረው፣
ኃይለ ሚካኤል፣ ማመልከቻ ጸሐፊ

❖

ከደብሩ፣ ኅዳር ፪ ቀን ፲፱፻፴፪ ዓ.ም.

ለወንድሜ ለደብተራ ኃይለ ሚካኤል፤

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። «እርስዎ» ብትለኝ ሁለት ቀን እህል አልቀመስሁም ብዬ እንዳልጽፍ ታውቀኛለህ፤ በላሁ፤ ግን ጨው የሌለው ሆነብኝ።

በሁለተኛው ደብዳቤህ የት አስቀመጥኸው ብለሃል። ከደጀ ሰላሙ ሥር ነው፤ ጥላ አለው። ከዚያ ሆኖ ዜማውን ይሰማል። ማደሪያው ከእኔ ዘንድ ነው። አለቃ እንዳላማው በጣም አዝነውለታል፤ ጉባኤውም እንዳይባረር ወስኗል። ደጀ ሰላም ይቀመጥ የሚለውን ሐሳብ ማን እንዳመጣው አትጠይቀኝ፤ በጉባኤ የተነገረ በጉባኤ ይቀራል።

ይበላል ወይ ላልኸው፣ ከተማሪው ሁሉ በላይ የሚበላ አለው። ችግሩም እሱ ነው። ደጀ ሰላም የተቀመጠ ሁሉ ለሰው ለማኝ ይመስለዋል። እሑድ ዕለት ሴቶቹ ሲገቡ ጭኑ ላይ ቁራሽ እየጣሉ ገቡ። አንዲት አሮጊት ለሟች ልጃቸው ነፍስ ሙሉ ዳቦ አስታቅፈውት «ማርልኝ በል» አሉት። «እማማ፣ እኔ ተማሪ ነኝ፤ ዜማ እየሰማሁ ነው» ቢላቸው፣ «ምስኪን፣ አእምሮውንም ነክቶታል» ብለው ሌላ ጨመሩለት። ዳቦውን ለጓደኞቹ አካፈለ። እየበሉ «የእኔ ቢጤ» የሚል ስም አወጡለት። ገሠጽኋቸው። በልተው ከጨረሱ በኋላ ነው የገሠጽኋቸው፤ ይቅር በለኝ።

ጣሊያኖች በትር ሊሰበስቡ ነው የሚባለው እውነት ነው? አንተ ከደጃቸው ነህና ጻፍልኝ።

ወንድምህ፣ ወልደ ሰንበት

❖

ከደብረ ማርቆስ፣ ኅዳር ፱ ቀን ፲፱፻፴፪ ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ መሪጌታ ወልደ ሰንበት፤

ስለ ጥላው አመሰግናለሁ። ልጅ ልኬ ለማኝ ስላደረጋችሁልኝም ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው፤ ሌላው ደብር አምስት ዓመት አስተምሮ የሚያደርሰውን እናንተ በሁለት ሳምንት አደረሳችሁት። አንካሳ ስታዩ ቦታው ደጅ፣ ሥራው እጁን መዘርጋት እንደሆነ ማን ነገራችሁ? ወንጌሉን ገልጣችሁ ብታዩ፣ ደጅ የተቀመጠውን አንካሳ ሐዋርያት እጁን ይዘው ነው ያስገቡት። እዚያው ተቀመጥ፣ ጥላ አለው አላሉትም።

ስለ በትሩ የሰሙት እውነት ነው። በገበያ ቀን አንድ ዘበኛ በሽመል ተፈነከተ፤ የመታው ሰው ከነሽመሉ ወደ ማር ቆረጣ ሄደ። ከዚያ የጦሩ አዛዥ ከማርቆስ የአንድ ቀን መንገድ ድረስ ያለ በትር ሁሉ ተለቅሞ ምሽጉ እንዲገባ አዘዘ። አስተርጓሚው መቋሚያ የጸሎት ዕቃ ነው ብሎ ሊያስረዳ ሞክሯል። አዛዡ «ራስ ላይ ቢያርፍ ይፈነክታል ወይስ አይፈነክትም?» ብሎ ጠየቀው። አስተርጓሚው ሐቀኛ ሰው ነው፤ ይፈነክታል አለ። ስለዚህ የእናንተን ደብር አይመለከትም ብለው አይዘናጉ።

የተፈቀደለት፣ አንካሳ መሆኑን የጣሊያኑ ሐኪም አይቶ የመሰከረለት ሰው ብቻ ነው። አንሙትን አምና እናቱ ወስዳ አሳይታው ነበርና ወረቀቱን አወጣሁለት። ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ፤ ከአንገቱ ክር ላይ ይሰፋ።

ኃይለ ሚካኤል

❖

ከደብሩ፣ ኅዳር ፳፬ ቀን ፲፱፻፴፪ ዓ.ም.

ለወንድሜ ለደብተራ ኃይለ ሚካኤል፤

ያልኸው ሁሉ ሆነ። የጣሊያኖች ካሚዮን መጥታ የደብሩን መቋሚያ በሙሉ እንደ ማገዶ ጭና ሄደች።

ትናንት በደረሰኝ ደብዳቤህ የጽዮን በዓል እንዴት ዋለ ብለሃል። እባክህ አትሳቅ። መጀመሪያ ላይ በደህና ቆምን። ቆይቶ ደብተራ አስማማው ዘመመና ደብተራ ታረቀኝን ተደገፈ፤ ታረቀኝ ግድግዳ ልደገፍ ብሎ ሲዞር ከገብርኤል ሥዕል ጋር ፊት ለፊት ተጋጥሞ በድንጋጤ ተመለሰ። አለቃ እንዳላማው ከበሮውን አቅፈው ቀሩ፤ ከበሮ መቺው የሚመታው አጣ። ኋላ ሁላችንም በየተራ በጉልበታችን ወረድን። ሕዝቡ ስግደት የደረሰ መስሎት አብሮን ሰገደ።

የአንሙትን ምርኩዝ ወሰዱበት ወይ ብለህ ጠይቀሃል። ወታደሮቹ አልወሰዱበትም፤ ወረቀቱን አይተው አለፉት።

ይህን እንዳልጽፍ ሦስት ቀን ከራሴ ጋር ተሟግቻለሁ። የወሰድንበት እኛ ነን። አለቃ «ለጥቂት ጊዜ አውሰን በሉት» ብለው ሰው ላኩ፤ ሰጠ። አሥራ ሁለቱም በተራ ተደገፉባት። እኔም ተደግፌባታለሁ። በዚህ መሀል ያለ ወቅቱ ዝናብ ጣለ። ደጅ ያለው ሰው ሁሉ ሮጦ ገባ፤ ለማኞቹም ገቡ። እሱ ያለ ምርኩዙ መነሣት አይችልምና እዚያው ቀረ። ዝማሬው ሲያልቅ ምርኩዟን ይዤ ወጣሁ። ከራስ ጠጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ በስብሷል። አላለቀሰም። ቀና ብሎ አይቶኝ «መምህር፣ እግሬን ጨረሳችሁ?» አለኝ።

አለቃ እንዳላማው ሰላም ይሉሃል። ሐኪሙ ለእነሱም እንደ ልጁ ያለ ወረቀት እንዲሰጣቸው ማመልከቻ ትጽፍላቸው እንደሆነ ጠይቅልኝ ብለውኛል።

አሳፋሪው ወንድምህ፣ ወልደ ሰንበት

❖

ከደብረ ማርቆስ፣ ታኅሣሥ ፲፰ ቀን ፲፱፻፴፪ ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ መሪጌታ ወልደ ሰንበት፤

ስለ ዝናቡ የጻፉትን ለእኅቴ ለየብርጓል አላነበብሁላትም። «ልጄን እንዴት ነው ይላሉ?» ብትለኝ፣ ደብሩ በሙሉ በእሱ ላይ ተደግፏል ይላሉ አልኋት። ደስ ብሏት ለሰፈሩ ሁሉ ተናገረች። ይህን ደስታዋን እኔ አልነካውም፤ እናንተ የነካችሁት ይበቃል።

ለእነዚያ ሰዎች ማመልከቻውን እንዴት እሺ ብለህ ጻፍህ፣ ለምንስ ሁለት ሁለት ቅጂ አስፈረምህ ብለዋል። ማመልከቻ ጸሐፊ ነኝ፤ የመጣን ሰው አልመልስም። ቅጂ ማስቀረትም የሙያው ልማድ ነው፤ አንዱ ለሐኪሙ፣ አንዱ ለእኔ። ቃሉን ግን የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው። የአለቃ እንዲህ ይላል፤ «እኔ አለቃ እንዳላማው፣ በሊቀ መላእክት በሚካኤል ስም ምዬ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ አንድ እግሬ የሰለለ አንካሳ መሆኔን፣ ያለ ምርኩዝም መቆም የማልችል መሆኔን አረጋግጣለሁ።» የትኛው እግር ተብሎ ይጻፍ ብላቸው፣ ሐኪሙ የፈቀደው ይሁን አሉኝ።

ሐኪሙ ፊት የሆነው እነሱ የነገሩዎት እንዳልሆነ ከጥያቄዎ ገባኝ። አለቃ ሲገቡ በግራ አነከሱ፣ ሲወጡ በቀኝ። ታረቀኝ ማንከሱን ረስቶ ገብቶ ከበሩ ተመልሶ እንደገና ገባ። አስማማው ለእርግጠኝነት ብሎ በሁለቱም እግሩ ስላነከሰ ተሸክመው አወጡት። ሐኪሙ በሳቅ ብዕሩን መያዝ አቅቶት «በዚያ አገር ደህና ሰው የለም ወይ?» ብሎ አስጠየቀ። አለቃ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው «የለም ጌታዬ፤ የእኛ የአንካሶች ደብር ነው» አሉ። ሐኪሙም በአሥራ ሁለቱ ላይ ማኅተሙን መታ። ቁጭ ብዬ ሰማሁ። ልጁን ያስቀሩበትን ስም ተሽቀዳድመው ሲለብሱት በዓይኔ አየሁ።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። አሥራ ሦስት ሰው ጠብቄ አሥራ ሁለት መጣ። እርስዎ ለምን ቀሩ?

ኃይለ ሚካኤል

❖

ከደብሩ፣ ጥር ፲፭ ቀን ፲፱፻፴፪ ዓ.ም.

ለወንድሜ ለደብተራ ኃይለ ሚካኤል፤

ለምን ቀረህ ላልኸኝ፤ ልመጣ ተነሥቼ ነበር። ወደ እናንተ ከመምጣታቸው በፊት አሥራ ሁለቱ ከደጀ ሰላሙ ፊት ማንከስ ተለማመዱ። አንሙት ከቦታው ሆኖ ያያቸው ነበር። ብዙ ቆይቶ አላስችል ቢለው «አለቃ፣ ክብደትዎን በደህናው እግር ላይ ነው እንጂ በታመመው አይጣሉት፤ ያስታውቅብዎታል» አላቸው። አለቃ እንደ ነገራቸው አደረጉና አማረላቸው። «የተባረክህ ልጅ ነህ» ብለው ባርከውት፣ እሱን እዚያው ትተው መንገድ ጀመሩ። እኔ እግሬን ማንሣት አቃተኝ። በዚያ ልጅ ፊት አንካሳ ነኝ ብዬ ልምል አልቻልሁም። ለጥምቀት ያለ መቋሚያ ቆምሁ፤ ጉልበቴ እስከ ዛሬ እያስታወሰኝ ነው።

ወረቀቱ ከመጣ በኋላ ልጁን አስገቡት ወይ ብለሃል። አላስገቡትም። ጉባኤ ላይ ተነሥቼ፣ አሁን እንግዲህ ሁላችሁም አንካሶች ናችሁ፤ እሱ አንካሳ ነው ብላችሁ እንዴት ታስቀሩታላችሁ አልሁ። አለቃ እንዳላማው ረጋ ብለው መለሱ፤ «መሪጌታ፣ የእኛ የወረቀት ነው። የእሱ የእግር ነው።» ጉባኤው በአንድ ድምፅ አጸደቀ።

አንድ የደበቅሁህ ነገር አለ። ደጀ ሰላም ይቀመጥ ያልሁት እኔ ነኝ። ማንም ሳይጠይቀኝ፣ አለቃ ፊታቸውን ሲያጠቁሩ አይቼ ቀድሜ ተናገርሁ። እንዳይባረር ብዬ ነው እያልሁ ራሴን ሳታልል ከረምሁ። ወንበሬን ፈርቼ ነው። ይቅር በለኝ።

ወልደ ሰንበት

❖

ከደብረ ማርቆስ፣ ጥር ፳፪ ቀን ፲፱፻፴፪ ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ መሪጌታ ወልደ ሰንበት፤

ይቅርታ የጠየቁት የተሳሳተ ሰው ነው። በዝናብ የበሰበስሁ እኔ አይደለሁም። የተበደለው ከደጃፍዎ ነው ያለው፤ ይውጡና ይጠይቁት።

ለአለቃ እንዳላማው ከዚህ ጋር የመሐላቸውን ግልባጭ ልኬያለሁ። እንዲህ ብለው ያንብቡላቸው። የየካቲት ኪዳነ ምሕረት ዕለት በእግሬ እመጣለሁ። ከደጀ ሰላሙ ሥር፣ ለማኞቹን በፊት ወንበር አስቀምጬ፣ አሥራ ሁለቱን መሐላ አንድ በአንድ ለሕዝቡ አነባለሁ። ዜማም አወጣላቸዋለሁ፤ ያው ደብተራ ነኝ። እንግዲህ ፍርዱ የራሳቸው ነው። አንካሳ ቅኔ ማኅሌት አይገባም ካሉ፣ በሚካኤል ስም የማሉ አሥራ ሁለት አንካሶች ወጥተው ከልጁ ጎን ደጅ ይቀመጡ፤ ጥላ አለው። ይገባል ካሉ ደግሞ አሥራ ሦስተኛውን ያስገቡት። አይ፣ ውሸታችንን ነው ካሉ፣ ይህንኑ በሚካኤል ፊት ይናገሩ።

«የጣሊያን ብዕር» እያሉ እንደሚያሙኝ ጽፈውልኛል። ልክ ነው፤ ከደጃቸው ተቀምጬ እጽፋለሁ። በሬው ለተነዳበት እጽፋለሁ፤ ልጇ ለታሰረባት እጽፋለሁ። ይህች ብዕር እስከ ዛሬ ከጻፈችው ውሸት ሁሉ ትልቁን ግን ያጻፏት ካህናት ናቸው።

ኃይለ ሚካኤል

❖

ከደብሩ፣ የካቲት ፲፰ ቀን ፲፱፻፴፪ ዓ.ም.

ለወንድሜ ለኃይለ ሚካኤል፤

መንገዱ ተዘግቶ ወታደሮቹ ሉማሜ ላይ እንደ መለሱህ ትናንት ነው የሰማነው። በበዓሉ ዕለት ይህን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። አሥራ ሁለቱም አንገታቸውን ወደ ሉማሜ መንገድ ሰግገው ዋሉ፤ አህያ በመጣ ቁጥር አለቃ ቀለማቸው ይለወጥ ነበር።

እኔ አንተን አልጠበቅሁም። ደወል ሳይደወል ወደ ልጁ ወጣሁ። ይቅርታ ልጠይቀው ጉልበቴን ሳጥፍ «መምህር፣ እንደ ቆሙ ይንገሩኝ፤ ከወደቁ እኔ አላነሣዎትም» አለኝ። ቆሜ ነገርሁት፤ ደጅ ያስቀመጥሁህ እኔ ነኝ አልሁት። ምርኩዙን ወደ ጎኑ ሳበ። ከዚያ «አውቃለሁ፤ ተማሪዎቹ ነግረውኛል» አለ። ይህን ሁሉ ጊዜ ያውቅ ነበር፤ ከእኔው ጋር እያደረ። እጄን ዘረጋሁለት። በእጄ አልተነሣም፤ በምርኩዙ ተነሣ። ጎን ለጎን ገባን።

አለቃ እንዳላማው በመስኮት ወደ መንገዱ አዩ፤ ልጁን አዩ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ይግባ። ይህ ደብር ለአንካሳ እንግዳ አይደለም» አሉ። ከእኔ በስተቀኝ ቆመ።

ስለ ድምፁ ለምን አልጻፍህም ብለኸኝ መልስ ሳልሰጥህ ቀርቼ ነበር። አሁን ልስጥህ። ከመጀመሪያው ዕለት ጀምሮ የእሱ ድምፅ ከእኔ ይበልጣል። ያልጻፍሁት ለዚህ ነው። ትናንት በስቲያ ተቀብሎኝ ሲያዜም ሴቶቹ «ይኸ ማነው?» ተባባሉ፤ እነዚያ ዳቦ የሰጡት አሮጊት ቀና ብለው አይተው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጣሉ። ወደ መጨረሻው ጉልበቴ ከዳኝ። ዘወር ብሎም ሳያየኝ ትከሻውን አስጠጋልኝ። የሐኪም ወረቀት የለኝም፤ ቢሆንም ተደገፍሁ።

አለቃ አሁን ነገሩ ስላበቃ ቅጂዎቹን ይመልስልን ይላሉ። ምን ልበላቸው?

ወልደ ሰንበት

❖

ከደብረ ማርቆስ፣ የካቲት ፳፬ ቀን ፲፱፻፴፪ ዓ.ም.

ይድረስ ለአንተ፤

እንደምን ሰነበትህ፣ ወልደ ሰንበት? ጉልበትህን ቅቤ እሸው፤ ቅምጥልነት አይደለምና አትፈር።

ለአለቃ እንዲህ በላቸው። ቅጂዎቹ አይመለሱም። ካሚዮን የወሰደውን የሚመልስበት ቀን ይመጣል፤ ማሩን የሚቆርጡት ሰዎች እንደሚሉት ብዙም አይርቅም። ያን ዕለት መቋሚያችሁን በእልልታ ትቀበላላችሁ፤ ወረቀት አያስፈልገንም ትላላችሁ፤ በማግስቱም አንዳችሁ ያ ልጅ ቅኔ ማኅሌት ውስጥ ምን ይሠራል ትላላችሁ። አውቃችኋለሁ፤ አብሬያችሁ ነው የተማርሁት። ስለዚህ አሥራ ሁለቱ አንካሶች በድጓ መጽሐፌ ሽፋን ገበታ ውስጥ ተሰፍተው ይኖራሉ። ነገ ደግሞ ሌላ ልጅ፣ ዓይኗ የጠፋ ትሁን እጁ የሰለለ፣ ከደጃችሁ ሲደርስ መጀመሪያ እነሱን አስቡ።

ሉማሜ ላይ ሁለት ቀን አስቀመጡኝ። በቦርሳዬ አሥራ ሁለት መሐላ አግኝተው አስተርጓሚው ምንድነው ቢለኝ፣ ድርሳን ነው አልሁት። የአለቃን ሁለት መስመር አንብቦ፣ ተአምሩ የቱ ጋ ነው አለኝ።

የብርጓል መጣች። ደብዳቤህን አነበብሁላት፤ የኅዳሩንም ጨምሬ። ከእንግዲህ መደበቅ አልቻልሁም። ስለ ዝናቡ ስትሰማ እንደምትረግማችሁ ጠብቄ ነበር፤ ይገባችሁም ነበር። የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «አሁንስ የቆመበት ደረቅ ነው?»

ደረቅ ነው አልኋት። አንተ፣ እንዳታስዋሸኝ።

ኃይለ ሚካኤል